ብሩክታዊት ሳታነብ የፈረመችው ፎርም

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ አፀደ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ መውጣት ጀመርሽ ወይ? ስለ እኛ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ውሸት አልጽፍም ብዬ ስለተነሳሁ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቃሌን ማፍረስ አልፈለግሁም። ባለቤቴ ሰርካዲስ ደህና ናት። ቤቱም ደህና ነው። ጭንቅ ላይ ያለነው እኔና ልጅሽ ነን።

ይህን የምጽፍልሽ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ብሩክታዊት ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ ከገባች ሩብ ሰዓት ሆናት። እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ ቀጥለሽ ታለቅሻለሽ፤ እኔም አይዞሽ ማለት እጀምርና ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ በእመቤቴ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ ተቆጪኝ።

አንቺ የምታውቂው፣ ልጅሽ በዲቪ ከመጣች ሰባት ዓመት እንደሞላት፣ ዜግነቷን ስታገኝ ላንቺ እንደምታመለክትልሽ፣ አንቺም መጥተሽ ከእኛ ጋር እንደምትኖሪ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ዛሬ እንግዲህ የሷ ብቻ ሳይሆን ያንቺም ቀን ነው። ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤታችን ምድር ቤት ደረጃ ያስወርዳል፣ ለጉልበትሽ አይሆንም ብላ ሰርካዲስ በመግቢያው በር በኩል ያለውን ክፍል አስቀብታልሻለች።

የማታውቂው ሥራዋን ነው። «መጋዘን ትሠራለች» ያልኩሽ እኔ ነኝ። እውነት ነው፣ ካናል ዊንቸስተር የሚባል ቦታ ያለ መጋዘን አራት ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ወገቧ እንቢ አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለቃ ሌላ ቦታ ገባች። የገባችበት ድርጅት ለሕክምና የሚሆን ማሪዋና የሚያመርት ነው። አዎ፣ ያው እኛ ሐሺሽ የምንለው። ተነስተሽ ከሆነ ተቀመጪ።

ልጅሽ አታጨስም፣ አትሸጥምም። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን በመረብ ሸፍና፣ ጓንት አጥልቃ አበባውን በመቀስ ትከረክማለች፣ ታሽጋለች። እያንዳንዱ ተክል ቁጥር አለው፤ ጣሪያው ሁሉ ካሜራ ነው። ኦሃዮ ፈቃድ ሰጥቶ፣ ግብር እየተቀበለ፣ ለሷም ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ሰጥቷታል። ሐኪም ያዘዘለት የካንሰር በሽተኛ፣ ሕመም ያሠቃየው ሰው ነው የሚገዛው። የጽዋ ማኅበራችን ጋሼ ጣሰው ካንሰሩ እህል አላስቀምስ ሲለው፣ መብላት የቻለው በዚያ መድኃኒት ነው። በጆሮዬ ነው የነገረኝ፤ እሱም እንደኔ ሰው ይፈራል።

ታዲያ ምንድን ነው ችግሩ ትያለሽ። ይህ አገር ሁለት አዛዥ ያለው ቤት ነው። ስቴቱ፣ ኦሃዮ፣ ፈቅዷል፤ ፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ እስከ ዛሬ ወንጀል ነው ይላል። ዜግነት የሚሰጠው ፌዴራሉ ነው። አጠገቧ ቆማ የምትከረክመውን አሜሪካዊት ማንም ምንም አይላትም። እኛ የውጭ ሰዎች እዚያ ከሠራን ግን «መልካም ጠባይ የለህም» ተብለን ዜግነት ልንከለከል እንችላለን። እኔ ይህን ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ፎርሙን የሞላሁት ደግሞ ባለፈው መስከረም።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። ልጻፈው።

የሰዉን ፎርም የምሞላው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ነኝ፣ በሱዳን በኩል የመጣሁ የድሮ ሰው ነኝ፣ እንግሊዝኛውም አለኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የምግብ ጠረጴዛዬ ቢሮ ይሆናል። ከአርባ የማያንስ ሰው እኔ በሞላሁት ፎርም ዜጋ ሆኗል። አንድም ሰው አንብቦ ፈርሞ አያውቅም። «ጋሼ ባስልዮስ የጻፈውን ደግሞ ላንብብ?» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ እኔም እንደ ስድብ እንዲቆጠር እወድ ነበር።

የብሩክታዊት ተራ ሲደርስ ወሰንየለሽ የራሷን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። ወሰንየለሽን አታውቂያትም፤ እሷ የሰማችውን ሰኞ ጠዋት ደብሩ በሙሉ ይሰማዋል። አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን ታያለች። የሥራ ቦታ የሚለው መስመር ላይ ደረስኩ። ማሪዋና ብዬ በእህቴ ልጅ ስም ትይዩ ልጽፍ ነው? መጋዘኑን ጻፍኩት፣ አሁንም እዚያው እንደምትሠራ አድርጌ። አደገኛ ዕፅ አምርተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄም ነበረ። የለም አልኩ። ብሩክታዊት ከወጥ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ ላየው?» አለችኝ። «ምን ታይዋለሽ፣ እኔ አይቼዋለሁ» አልኳት። ፈረመች።

የሕጉን ነገር ያኔ አላውቅም ነበር። ወሰንየለሽን ነው የፈራሁት። ለዚህ ብዬ ነው የልጅሽን ስም ከሐሰት በታች ያስቀመጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ዘካርያስ የሚባል የማኅበራችን ልጅ በዚሁ ሥራ ምክንያት ዜግነት ተከለከለ ሲባል ሰማሁ። እውነቱን ለብሩክታዊት ነገርኳት።  ኢዛና ወደሚባል የኛው ልጅ ጠበቃ ይዣት ሄድኩ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አማርኛውን እንዳቅሙ ይለዋል።

«ጋሼ፣ ጆቡ ራሱ ፕሮብለም ነው» አለኝ። «ዲናይ ሊያደርጓት፣ ሊከለክሏት ይችላሉ። ግን ሥራውን ለቃ ከዓመታት በኋላ ሪአፕላይ ማድረግ ትችላለች። ውሸቱ ነው የሚያስፈራኝ። ምላ ከዋሸች ግሪን ካርዷም ሪስክ ላይ ነው። ታክስ ሪተርኗ፣ የግብር ወረቀቷ ላይ የድርጅቱ ስም አለ እኮ፣ ማየት ይችላሉ።»

ማመልከቻውን መልሶ መውሰድም ይቻላል ብሎ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። አንቺን ምን እላታለሁ፣ ሰዉ ምን ይላል፣ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳልተኛ ከረምኩ። ኢዛናም ዛሬ ችሎት ስላለበት አብሯት አልገባም።

ጠዋት እዚሁ መኪና ውስጥ እንዲህ አልኳት፦

«ካልጠየቁሽ አትናገሪ። ዝም አይነቅዝም።»

«ከጠየቁኝስ ጋሼ?»

«መጋዘን በያ! አልሠራሽም እንዴ?»

«ድሮ ነው እኮ! ኢት ኢዝ ኖት ትሩ፣ ጋሼ። ቀኝ እጄን አውጥቼ ነው የምምለው።»

«እናትሽን አስቢ» አልኳት።

ይቅር በይኝ እትዬ፤ አንቺን አነሳሁባት።  ፋይሏን አቅፋ፣ ትከሻዬን ስማኝ ገባች። 

ከገባች ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። ከሷ በኋላ የገቡ ሁለት ሰዎች ወጥተዋል። አንደኛው ሚስቱን አቅፎ እያሽከረከራት ነው። ዘበኛው እኔን ደጋግሞ ያየኛል፤ ሽማግሌ መኪና ውስጥ እንባውን እያፈሰሰ ሲጽፍ ምን ይመስለው ይሆን። ለምን ቆየች? ይዘዋት ይሆን? በዛሬው ተክለ ሃይማኖት፣ እባክህ አውጣልኝ እያልኩ ነው።

ወጣች።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፍልሽ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። መጥታ ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች። «ምን ሆነ?» ብዬ ሦስቴ ጠየቅኋት።

«ነገርኳት» አለች በመጨረሻ። «ኦፊሰሯ ጥያቄ ሳትጀምር፣ ፎርሙ ላይ ስህተት አለ አልኳት። ሦስት ዓመት የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። የሥራ ባጄንም አሳየኋት።»

«እሷስ?»

«ታይፕ አደረገች። ዲሲዥኑ በፖስታ ይመጣልሻል አለችኝ። ግን ፊቷን አይቼዋለሁ ጋሼ። እማዬ አሁን አትመጣም።»

መሪው ላይ ተደፋሁ። አልዋሽሽም፣ በዚያች ደቂቃ ተናደድኩባት። ምናለ ዝም ብትል አልኩ በልቤ፤ ቀጥሎ ደግሞ ይህን ባሰበ ልቤ አፈርኩ። ጎበዝ ልጅ ናት። ካንቺ ነው የወጣችው፣ እኔ ዘንድ ይህ ድፍረት የለም።

«ሌላስ ምን ጠየቀችሽ?» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። «መጋዘን ብሎ የጻፈው ማነው አለችኝ።»

«እና?»

«እኔ ነኝ አልኳት።»

«አንቺ?»

«ማንም ሄልፕ አላደረገኝም፣ ራሴ ነኝ የሞላሁት አልኳት። ምን ልበል ጋሼ? አንተን ልስጣቸው?»

እትዬ፣ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ለሌላ ሰው የሞላ ሰው ስሙንና ፊርማውን የሚያኖርበት ቦታ አለ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ እዚያ ቦታ ፈርሜ አላውቅም። ልጅቷ ራሷን የሚጎዳውን እውነት ሳትፈራ ተናግራ፣ እኔን ለማዳን ግን ምላ ዋሸች። ሥራዋ ኃጢአት አልነበረም። ኃጢአቱ የኔ ነበር፤ እሱን በስሟ ወሰደችው።

ኢዛናን ከችሎት ሲወጣ በስልክ አገኘሁት። «ዛሬውኑ፣ ሳይነቁባት በፊት ራሷ ገብታ ታርመው። ይረዳታል» አለኝ። «አንተ ግን ጋሼ፣ ላንተም ትራብል አለው። የሌሎቹንም ፎርሞች ሊጠይቁህ ይችላሉ።» ይጠይቁኝ። ለሌሎቹ እውነተኛውን ነው የጻፍኩት፤ ያበላሸሁት የራሴን ሰው ብቻ ነው። ማኅበሩም ይስማ። ወሰንየለሽም ትስማ፤ እንዲያውም ቀድማ እንድትሰማ እኔው እነግራታለሁ።

ብሩክታዊት እጅጌዬን ይዛ «አትግባ ጋሼ፣ የኔው ይበቃል፣ ፕሊስ» እያለች ነው። አይበቃም አልኳት። ኢዛና ችሎቱን ጨርሶ እየመጣ ነው፤ ሦስታችንም አብረን እንገባለን። መምጫሽን ያራቅሁብሽ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ስትደውልልሽ አደራ፣ ክፉ ቃል እንዳይወጣሽ። መጀመሪያ «ጎበዝ» በያት፤ ከዚያ በኋላ አብራችሁ አልቅሱ። ለኔ የሚገባውን ቁጣ ለኔ አቆይልኝ።

ይህን ወረቀት ሰርካዲስ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ከውስጥ በደህና ከወጣሁ ግን ራሴ እልከዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜ ሰጥቶ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ልጄንም ይጠብቅልኝ። ልጅሽን ማለቴ ነው፤ አልሰርዘውም፣ እንዲሁ ይቆይ።

የኢዛና መኪና ገባ። በሩን ከፈትኩ።

ፎርሙን በእጁ የሞላው ወንድምሽ፣
ባስልዮስ