ዳማ ስንት ያወጣል?

ሐሙስ

ሃያ አምስት ሺህ አልኩት። «እሺ» አለኝ።

በቃ፣ «እሺ»! ደብረ ታቦር ላይ ይህን ያህል ዘመን ስኖር በመጀመሪያው ዋጋ እሺ ያለ ሰው አላየሁም፤ ሽንኩርት ገዢ እንኳ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ይኼኛው ይሁኔ እባላለሁ አለ፣ ከአንበሳሜ ነኝ አለ፣ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይቀመጡበታል አለ። ሁሉንም ሳልጠይቀው። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳይጠየቅ የሚመልስን ከሩቅ አውቀዋለሁ። «አባባን ላማክር» ብዬ ለቅዳሜ ቀጠርኩት።

ፈረሱ የአባባ ነው። ስሙ ዳማ። አገር ቤት አባባን በክርስትና ስማቸው የሚጠራ የለም፤ በፈረሳቸው «አባ ዳማ» ናቸው። ዳሌያቸውን ታመው እኔ ዘንድ ሲገቡ ዳማም ተከትሎ ገባ፣ የተከራየሁት ግቢ ውስጥ። ዛሬ ጧት የአከራዬን የእትዬ ጥሩወርቅን ጌሾ እስከ ግንዱ ላጨው። እስከ ሰኞ ይውጣልኝ ብለዋል። ፈረሱ ብቻ ይሁን ሁላችንም፣ አላብራሩም።

አባባ ሽያጩን የፈቀዱት በአንድ ቃል ነው፦ «ለጋሪ እንዳይሆን።»

ዓርብ

የፈረሱ ጉድለት፣ ለራሴ ብቻ፦

ዕድሜው። እኔ አሥራ ሁለት እላለሁ፣ አባባ አሥራ ሰባት ይላሉ፣ ጥርሱ ሁለታችንንም ይታዘበናል።

ሳሉ። አቧራ ያለው ገለባ ሲበላ ግቢው እስኪናወጥ ያስላል። ስለዚህ ገዢ ሲመጣ ገለባውን ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። ይህ ማታለል አይደለም፤ መስተንግዶ ነው።

የቀኝ የፊት እግሩ። ቁልቁለት ላይ ያነክሳል። ግቢያችን ሜዳ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የእንስሳት ሐኪም አስመጣሁ። ጎኑን አዳምጦ «ምናልባት ሳንባው ነው፤ ምናልባትም አይደለም» አለ። የምናልባቱን ሂሳብ ግን ሳያመነታ ተቀበለኝ። ሲወጣ ቁም ነገር ተናገረ፦ «ሰው ቀስ ብሎ ቢቀመጥበት ዓመታት ይኖራል። ዳገት ላይ ጭነት ካስጎተታችሁት መስቀልን አያልፍም።»

እንግዲህ የዳማን ዋጋ ለማወቅ የይሁኔን ልብ ማወቅ ሊኖርብኝ ነው።

ቅዳሜ

መጣ። ዓይኔን አልነቀልኩበትም። ሊጋልብ የሚገዛ ሰው ጥርስ ይከፍታል፣ ጀርባ ይደባብሳል፣ አራምዶ ያያል። ይኼ ሰውዬ ጥርሱን ዞር ብሎም አላየ። ደረቱን በስንዝር ለካ። ከዚያ ትከሻውን በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«አማትህ ደረቱ ላይ ነው እንዴ የሚቀመጡት?»

«ጋሼ ደግሞ፣ ጨዋታ ያውቃሉ!» ብሎ ሳቀ። እየሳቀ ያልበዋል።

በዚህ መሀል አባባ በምርኩዛቸው ብቅ አሉ። «ስማ ወንድም፣ ይኼ ፈረስ ያስላል። ቁልቁለት ላይ ያነክሳል። ልጄም ገለባውን የሚያርሰው ለጽድቅ አይደለም» አሉት። የሁለት ቀን ሥራዬ ገደል ገባ።

ይሁኔስ? አንድ ብር አልቀነሰም! «ግድ የለም አባቴ፣ የማያስል ማን አለ?» አለ። የሚያስልና የሚያነክስ ሽማግሌ ፈረስ በሙሉ ዋጋ! ይህ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ደግሞ በስንዝር አይለካም። «ሰኞ ና» አልኩት።

እሑድ

ደረትና ትከሻ የሚለካ ሊያስጎትት ነው ብዬ ከቅዳሴ መልስ ወደ መናኸሪያው፣ ጋሪዎች ወደሚቆሙበት ወረድኩ። ይሁኔ ፈረስ የሌለው ጋሪ ጎማ ሲነፋ አገኘሁት።

«አማትህ ደኅና ናቸው?»

ፓምፑን ለቀቀው። አልካደም። የነበረው ፈረስ ሞቶበታል፤ የጎበዝ ፈረስ ዋጋ እጥፍ ሆኖበታል። «ጋሼ፣ አልዋሽዎትም» አለኝ፣ ዋሽቶ ሲጨርስ። «እስከ መስቀል ካደረሰኝ ገንዘቤን ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ...» እጁን አራገበ።

ጥርስ ያላየው ለዚህ ነው! እኔ ዳማን በኖረበት ዓመት ስተምን፣ እሱ በቀሩት ወራት ተምኖ ጨርሷል።

ዳገቱን ስወጣ ሃያ አምስት ሺህ ብር በጆሮዬ ይንሾካሾክ ነበር፦ አባባ በዚያ ዳሌያቸው መናኸሪያ ድረስ ወርደው አያዩ። እስከ በራችን ድረስ ሰማሁት። ገብቼ ግን ነገርኳቸው።

«ስሜን እየገረፉ መናኸሪያ ሊያመላልሱት ነበር?» አሉ። እራታቸውን አልነኩም።

ሰኞ

ይሁኔን በጧቱ ባዶ እጁን ሸኘሁት። ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ ቀነ ገደቡን ሊያስፈጽሙ መጡ። ፈረሱን አዩት። አፉን ከፍተው ጥርሱን ቆጠሩ። ከግቢው በስተጀርባ ባለው ቁልቁለት አስነዱት፤ አነከሰ። ያራስኩትን ገለባ በእግራቸው ገፍተው ደረቅ አቀረቡለት፤ ሳለ።

«ስምንት ሺህ።»

«ኧረ እትዬ! ቅዳሜ እኮ ሃያ አምስት...»

«የታለ ሰውየው?»

ወንድማቸው ጉና ተራራ ሥር ቄስ ናቸው፣ ሁለት ደብር ያገለግላሉ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል አሉ። አማት፣ ወንድም! ዳማን ለመግዛት የማይታመም ዘመድ የለም። እዚያው ስልክ አስደወልኳቸው። ቄሱ ሳሉን ሲሰሙ ስለ ዋጋ አልጠየቁም፦ «ጀርባው ቁስል የለውም? ገለባው ይራስለት ወይስ ሣር ብቻ ልስጠው?»

ስምንት ሺህ አምስት መቶ ላይ ተስማማን። አምስት መቶዋን በተበላው ጌሾ ካሳ አስቀሯት። በየጉድለቱ የተጨቃጨቀ ሰው ሊያኖረው አስቦ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አባባ ልጓሙን ሲያስረክቡ «ስሙን አልሸጥኩም» አሉ።

ሐሙስ

ስልክ ጮኸ። ቄሱ ናቸው። ሞተ፣ አልኩ በልቤ። አባባ ስልኩን ተቀብለው ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙት።

«አባ ዳማ! ይኼ ፈረስዎ ገለባም ሣርም እንቢ አለኝ። የደጄን ጌሾ ግን ጨረሰው! ከተማ ምን ስታበሉት ኖራችሁ ነው?»

አባባ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ተላጨው ግንድ አየሁ። ከተማ ከገቡ ጀምሮ ስቀው የማያውቁት ሰውዬ ምርኩዛቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከቤታቸው «ማን ነው? ወንድሜ ነው? ምን ይላል?» እያሉ እየመጡ ነው። የተሸጠ ፈረስ እንደማይመለስ አላስፈረምኳቸውም። እኔ! ማመልከቻ ጸሐፊው!