ክፉ ቃል የሌለበት ካርታ

አዋሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ሰባት ጊዜ ላነበብኩለት ልጄ ለአምሳሉ፤

አለህ! አለህ፣ አለህ፣ አለህ! ፖስታ ቤት በር ላይ እልል ስል ዘበኛው፣ «እትዬ ካሰች፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?» አለኝ። «ከሎተሪ ይበልጣል፤ ልጄ ከአስመራ ሆስፒታል ጻፈልኝ!» አልኩት። ጽሕፈቱ ያንተ እንዳልሆነ ግን ገና ፖስታውን ሳየው አውቄያለሁ። እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ እንዴት እንደሰነበትኩ ላጫውትህ።

ወሬህ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖ ነበር። ጸሎት ቤታችንም እንደታሸገ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አይዞሽ የሚለኝ አጣሁ። ታዲያ የፒያሳዋ ባለሱቅ ፈትያ ጥቂቱ የጎደለ መጫወቻ ካርታ ሰጠችኝ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት ለጥፌ መልካም መልካም ቃል ጻፍኩበት። ፊቴን ታጥቤ አንዱን እመዝና የወጣልኝን ጮክ ብዬ ለራሴ እናገራለሁ፦ «ዛሬ አልፈራም።» «ጉልበቴ ይበቃኛል።» ፈትያ፣ «ጴንጤዋ ካርታ ጀመረች በሉ!» ትላለች። «ካርታው ነው እንጂ የጴነጠው፣ እኔማ ቁማር የት አውቄ!» እላታለሁ። አንዳንዴ የወጣው ካልጣመኝ መልሼ ሌላ እመዛለሁ። «ይሄማ ማጭበርበር ነው፣ ካሱ!» ትለኛለች ፈትያ። ይሁና! ቀኑን የማሳልፈው እኔ ነኝ።

ጥር ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ቤት ሊመዘግብ ገብቶ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ አገኘው። አንዱን አንስቶ አነበበ፦ «በቅርቡ ይመለሳል።» ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው የሚመለሰው? ይሄ ለማን የሚበተን ወረቀት ነው?»

«ልጄ ነዋ፣ ጓድ! ስሙን ራስዎ ጽፈው አይደል ለውትድርና የላኩት?»

ካርታውን ከሌሎቹ ጋር መልሶ ቀላቀለና፣ «እስቲ ለኔም አንድ ምዘዢልኝ» አለ። ለካ የሱም ልጅ እዚያው ግንባር ነው። «ሰው ይወደኛል» የሚለው ወጣለት! ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ቀኝ እጄን አጥቻለሁ፣ ሸክም ሆኜባችሁ አልመጣም፣ እዚሁ እቀራለሁ ብለህ አስጽፈሃል። አልዋሽህም፣ እዚያች ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ግን ልጄ፣ የከበደኝስ ወሬህ የጠፋ ጊዜ ነው፤ አንተ ቀላል ነህ። ግራ እጅ ሲጽፍ መጀመሪያ ይንጋደዳል፤ ወረቀቱን እኔ እይዝልሃለሁ። አሠሪህ የነበረው አናጺው ደምሴም ትናንት ሳማክረው፣ «እጅማ ሞልቶኛል፤ ልኬት የሚያውቅ ዓይን ነው ያጣሁት። ይምጣ» ብሏል። ሰምተሃል? ይምጣ ነው ያለው።

በጨለማ ያልተለየህ ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ እግርህን ወደ ደጄ ይምራልኝ። አዲስ አበባ ስትደርስ የማለዳውን አውቶቡስ ያዝ። ሰባት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ይገባል፤ ሻሸመኔ ከቆየ ስምንት። በቀኝ በኩል መስኮቱ ጋ ተቀመጥ። አጥሩን ተደግፎ ለቆመ ሰው ቶሎ የሚታየው ያ ወገን ነው፤ በግራ ያሉትን እነዚህን አምስት ወራት ሲወርዱ ብቻ ነው ያየኋቸው።

እናትህ ካሰች