«ልብሽ አብጧል» ያልኩሽ ቀን

ውድ ሚጣዬ፣

አክስትሽ እሷ ዘንድ በሰላም መድረስሽን ነግራኛለች። አንቺ ግን ስልኬን አላነሳሽም። ኩርፊያሽን ስለማውቀው በደብዳቤ መጣሁ፤ ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋማ!

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ የሰፋሁትን ሱሪ ፎቅ ላይ ላሉት ጎረቤታችን አድርሺ ስልሽ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በደረትሽ ተደፍተሽ «ደረጃውን አልወጣም» አልሽኝ። ደንበኛ ፊት ስለነበር ተናደድኩና፣ «ይቺ ልጅ ልቧ አብጧል!» አልኩ። አፌን በቆረጠው! በማግስቱ ደረትሽን ሲያምሽ ሐኪም ቤት ወሰድኩሽ፤ ሐኪሟ መሣሪያውን ደረትሽ ላይ እያንሸራተተች፣ «የልቧ ሽፋን አብጧል፤ ዙሪያውንም ውሃ ይዟል» ስትል ወደ እኔ ዞር ብለሽ፣ «አባዬ፣ እንዴት አወቅህ?» አልሽኝ። አድንቀሽኝ እኮ ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋደም ስትዪ እንደሚብስሽ፣ ወደፊት ጎንበስ ስትዪ እንደሚሻልሽ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ዳነች ስንል አራት ጊዜ አገረሸብሽ። ጉንጭሽን የነፋውን ክኒን በቀነስን ቁጥር ሕመሙ ይመለሳል። በመጨረሻ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መድኃኒት ታዘዘ። ዕድሜ ልኬን መርፌ ይዤ የኖርኩት ሰውዬ አንቺን መውጋት አቃተኝ። አንቺ ደግሞ «ስጠኝ፣ አንተ ሱሪህን ስፋ» ብለሽ ራስሽን ወጋሽ። ሳቅኩ፤ ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ይኸው መርፌው ከቆመ ስምንት ወር ሆነው። ሐኪሟም ምርመራው ሁሉ ደህና ነው፣ መሮጥ ትችላለች ብላለች። አንቺ የሯጮች ቡድኑን ቅጽ ስታመጪ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ስትወጪ ምን አልሽኝ? «በሽታው ለቀቀኝ፤ አንተ ግን አልለቀቅከኝም።» ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ፤ የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

ትናንት ብቻዬን ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። «ቢመለስስ?» አልኳት።

«ከተመለሰ እናክመዋለን። ምልክቱን ከእኔም ከአንተም በላይ እሷ ታውቀዋለች» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ካመመሽ ቆም በይና ንገሪኝ፤ ከዚህ ሌላ ሕግ የለኝም። ቅጹን ፈርሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው ይላል። ዳር ቆሜ አይሻለሁ፤ «ቀስ በይ» ላልልሽም ቃሌ ነው።

ሩጪ፣ ልጄ።

ፈሪው አባትሽ