የሁለት ቁልፍ በር

ጥቅምት ፳ ቀን፣ ሞጣ

ዛሬ ሳቄ አልቆም ብሎኛል። ከባሕር ዳር የመጣው የእህቴ ባል «ሞጣ ላይ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ጠዋት ተናድጄ ወደ ደብራችን ይዤው ሄድኩ። የድሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ዘውድም ብራናም አለ።

ችግሩ በሩ ነው። አንዱ ቁልፍ ከአባቴ ከመሪጌታው፣ ሌላው ከቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ካልተገኙ አይከፈትም። እነሱ ደግሞ በድንበር ባሕር ዛፍ ከተጣሉ ወዲህ አይነጋገሩም።

«እንግዳማ ሳያይ አይመለስም» ብለው አባቴ ተነሡ። ቄሰ ገበዙም መጡ። ሳይተያዩ ተራ በተራ ቁልፋቸውን አዞሩ። በሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሳይከፈት ከርሞ አብጧል። ቄሰ ገበዙ ብቻቸውን ገፍተው ገፍተው ደከሙ። ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣

«መሪጌታ፣ ና ግፋ እንግዲህ!» አሉ።

አባቴ ትከሻቸውን ሰጡ። በሩ ድንገት ብርግድ ሲል ሁለቱም ተያይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጥምጣማቸው አቧራ ላይ ተንከባለለ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ እንጃ።

የእህቴ ባል ዘውዱን አይቶ አፉን ያዘ። እኔ ግን አባቴ ብራናውን ሲያነቡ፣ ቄሰ ገበዙ ከጎን ሲያርሟቸው አይቼ አልጠገብኩም።

ማታ አባቴ ከኪሳቸው የቄሰ ገበዙን ቁልፍ አወጡ። «ውይ፣ ተለዋውጠን! ነገ ቤቱ ሄጄ እሰጠዋለሁ» አሉ።

የአባቴ ቁልፍ ክንድ ያክላል። የቄሰ ገበዙ ከጣት አይበልጥም።