የዳለቻ ወተት

ሐምሌ 2

ዝናብ። ዳለቻን አለብኩ። ላሟም እንደኔ አርጅታለች፣ ወተቷ ለሁለት ቤት እንጂ ለገበያ አይበቃም። ጡቷን በሞቀ ውሃ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ ነው የማልባት። ሌላው? ሌላው እጁን በሱሪው ይጠርግና ያልባል።

በወተት መሰብሰቢያው በኩል አለፍኩ። ምነው ባላለፍኩ። የበርሜሉን አፍ ዝንብ እንደ ሻሽ ሸፍኖታል። ሰብሳቢው እጁን እስከ አንጓው ነከረ፣ አንዷን አወጣ፣ አራገፈ፣ ሥራውን ቀጠለ።

አፈጠጥኩበት።

«ምነው ጋሼ፣ ዝንብ ስንት ትጠጣለች ብለው ነው?» ይስቃል ደግሞ!

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ማታ ልጄ ትንሿን ልጇን አዝላ መጣች። የዘወትር ነው። ጣሳዋን ሞላሁላት። ትንሿ እዚያው ቆማ ኩባያዋን ገለበጠች። «ድገመኝ አባባዬ!» ደገምኳት። ከዚያ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ…

ሐምሌ 5

ጥናት ነው አሉ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ላም ያለውን ሰው ቤት ሁሉ እየዞረች ወተት ትቀዳለች። ነጭ ጋዋን፣ ሰማያዊ ጓንት፣ በረዶ የተሞላ ሳጥን። ባለጓንቷ አልኳት በልቤ። በሬ ላይ ቆማ ጫማዋን ላስቲክ አለበሰችው። ቤቴ ምን መሰላት? ቄራ?

«አባባ፣ የምግብ ብክለት ነው የምናጠናው። ውሃ ይኑርበት፣ ባክቴሪያ ይኑርበት፣ ሌላም…»

«እኔ ጋ ምን አመጣሽ? ወደ ቀጭኑ ሂጂ።»

«ቀጭኑ ማን ነው?»

ጎረቤቴ ነው። ሰውየው እንኳ ቦርጫም ነው፣ የቀጠነው ወተቱ ነው። ከቧንቧው ጋር ሽርክና አለው አልኳት። ሳቋን ዋጠችው። አዋቂ ናት።

«ውሰጂ፣ መርምሪ። ከኔ ወተት ውስጥ ጠብታ ውሃ ብታገኚ ላሜን ሸጬ ዶሮ አረባለሁ።»

«ላሟ ምን ትበላለች?»

«ሣር። ፋጉሎ።» ዘይት መጭመቂያው ኦቾሎኒውን ሲጨምቅ የሚተርፈውን ነው የምገዛው። ያወፍራል።

«የት ያስቀምጡታል?»

«በረቱ ውስጥ።»

ለምን ዋሸሁ? እንጃ። ምን አገባት ብዬ ይሆናል።

ሐምሌ 6

ፋጉሎው መኝታ ቤት ነው ያለው። የሚስቴ መኝታ ቤት፣ ነፍሷን ይማርና። ከሞተች ወዲህ እኔ ሳሎን ነው የምተኛው። ባዶ አልጋ ከማይ ብዬ ጆንያዎቹን ደረደርኩበት። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? የሚስቱን አልጋ መኖ ጫነበት አይልም?

ጣራው ከወዲያኛው ጥግ ያፈሳል። ልጄ «አባዬ፣ ሠራተኛ ልላክ» ስትል ስንት ጊዜ አኮረፍኳት። ማንም እዚያ አይገባም። መብራቱም ተቃጥሏል። እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዤ እገባለሁ፣ በጨለማው ዘግኜ እወጣለሁ። ሻጋታ ያለበት ካጋጠመኝ አሸት አሸት አድርጌ አራግፈዋለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር። የላም ሆድ ምን ይመርጣል?

ሐምሌ 11

ዝናብ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ድመት የተሰቀለውን ሥጋ ስትልስ አየሁ። ባለቤቱም አየ። እኔን አየኝ። ቢላውን መሳሉን ቀጠለ። ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 26

ባለጓንቷ መጣች።

ውሃ የለበትም አለች። ባክቴሪያውም ቢሆን ከሰፈሩ ሁሉ ያነሰው በኔው ነው። አላልኩም? ደረቴን ነፋሁ። እሷ ግን አልሄደችም። ጓንቷን አወለቀች። እጇ የሕፃን እጅ ይመስላል።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«በገዛ ቤቴ ተቀመጥ አትበይኝ። ተናገሪ።»

ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ አለ አለች። አፍላቶክሲን። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፣ አጻጻፉን እንጃ። ከለካችው ወተት ሁሉ እሱ የበዛው በኔ ነው። ከገደቡ ብዙ እጥፍ ያለፈ ነው።

«አፍልቼ ነው የምሰጠው!»

«ማፍላት አያጠፋውም። ላሟ የሻገተ ስትበላ ወደ ወተቷ ያልፋል። አይታይም፣ አይሸትም። ሰውን ቶሎ አይጥልም፣ እያደር ነው ጉበት የሚጎዳው። ለሕፃን ደግሞ…»

«ውጪ።»

«አባባ፣ ይሄን ወተት የሚጠጣ ሕፃን አለ?»

«ውጪ አልኩሽ!»

ስልኳን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ቤቴ ገብታ መርዝ ትለኛለች?

ማታ እነልጄ መጡ። ትንሿ ኩባያዋን ዘረጋች። ወተቱ እዚያው ምድጃው ላይ አለ። «የለም» አልኩ። «ዳለቻ ረገጠችው፣ ተደፋ።» ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ትንሿ አለቀሰች። ብዙም አልተቀመጡ።

ሐምሌ 27

ቀጭኑ በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። ውጤት ደርሶታል።

«ጋሼ፣ የኔው ላይ ውሃ ብቻ ነው አሉ የተገኘው! ውሃ ደግሞ ሰው ገድሎ አያውቅም። የርስዎስ?»

ፊቴን ወደ ዳለቻ አዞርኩ።

«ምነው፣ ወተቱ ምላስዎን ያዘው እንዴ?»

ሌባ። ሌባው ከኔ ይሻል? ተፋሁ፣ ወደሱ ሳይሆን ወደ መሬት። ወደሱ መሆን ነበረበት።

ሐምሌ 29

ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ወተት አለ?»

«የለም። ላሟ አሟታል።»

«እንግዲያው ዛሬም አንመጣም። ጭቃው አይጣል ነው።»

በወተት ጊዜ ጭቃ አልነበረም? ከዚህ የባሰ ዝናብ ጥሎ ጃንጥላ ይዛ መጥታለች። ለወተቱ ነበር ማለት ነው… እኔስ? እኔን ማን ብሎ?

ነሐሴ 1

ባለጓንቷ ተሳስታ ቢሆንስ? ጠርሙስ ተቀያይሮባት ቢሆንስ? ይሄን ወተት እኔም ስጠጣ ኖሬ የለ? ምን ሆንኩ? እሷ አይታው የማታውቀውን ክረምት አሳልፌያለሁ።

ደወልኩ። «ወተት አለ» አልኩ።

መጡ። ትንሿ እየሮጠች። አፈላሁ፣ አበረድኩ፣ ቀዳሁ። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯ ላይ ስታደርስ… እጄ ብቻውን ሄደ። መታሁት። ኩባያው ግድግዳው ላይ ሄዶ ተላተመ። ወተቱ ፀጉሯ ላይ፣ ልብሷ ላይ። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አባዬ! አብደሃል?»

ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። መርዝ አለበት ብለዋል አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከ… ከሰሞኑ።»

«አውቀህ ነው ዛሬ የጠራኸን?»

መልሴን አልጠበቀችም። የትንሿን ፊት በነጠላዋ ጠረገች፣ አፏን ሳይቀር፣ ደጋግማ። እንደ ቆሻሻ ነገር። «ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት» ብላ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ነሐሴ 2

ባትሪ ይዤ መኝታ ቤቱ ገባሁ። ትንፋሼን አልያዝኩም።

ከላይ ያሉት ጆንያዎች ደህና ይመስላሉ። አንዱን ሳነሳ ግን ከታች ያለው አብሮ ተነሣ፣ ተጣብቀዋል። ገነጠልኩት። ውስጡ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ቢጫም አለበት። እፍ ቢሉት እንደ ዱቄት ይቦናል። ፍራሹ ከሥር ረጥቦ በስብሷል፣ እጄን ስጭነው ዘቀጠ፣ ከውስጡ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትራሷ… ትራሷ ላይ ያለውን አልጽፈውም።

ከዚህ ነው በየቀኑ ስዘግን የኖርኩት። በዚሁ እጄ። ዝንብ ከወተት ያወጣውን ሰውዬ እጅ የተጠየፍኩት እኔ።

በረንዳው ላይ አስመለሰኝ። ከዚያ ያን ቁራጭ ወረቀት ፈልጌ ደወልኩ።

«ያባረርኩሽ ሽማግሌ ነኝ። ነይ፣ የማሳይሽ አለ።»

ነሐሴ 3

ባለጓንቷ በሩ ላይ ቆመች። አፍንጫዋን ሸፈነች። የሚገርመው እኔን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

«አልጋው የማን ነው፣ አባባ?»

«የሚስቴ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ከየጆንያው ትንሽ ትንሽ በላስቲክ ወሰደች። ለዶሮም አይሰጥ፣ ለማንም አይሸጥ፣ ይቀበር አለች። ለኔም አፍ መሸፈኛና ጓንት ሰጠችኝ። ጓንቱ ጠበበኝ፣ ጣቶቼ መሃል ላይ ቀሩ። ሳቀች። እኔም… ትንሽ።

ፍራሹን ሁለታችን ተሸክመን አወጣን። ጋዋኗ ተበላሸ። «ይታጠባል» አለች። ቀጭኑ በአጥር ላይ አየን፣ አፉን ከፈተ። «አንተም ጉድጓድ ቆፍር፣ ቆመህ አታዛጋ» አልኩት። መጥቶ ቆፈረ! ሰው አይታወቅም።

ዳለቻ ንጹሕ መኖ ከበላች በሳምንት ውስጥ ወተቷ ይጠራል ብላለች።

ነሐሴ 8

አልቤ እደፋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ፣ ድመት እንኳ እንዳትልሰው። ነጩ ወተት ጭቃው ውስጥ ሲሄድ ማየት… ዳለቻ ዞራ ታየኛለች። አበደ ሳትል አትቀርም።

ልጄ አልደወለችም።

ነሐሴ 12

ደወለች። ሐኪሙ ትንሿን አይቷታል፣ ደሟንም መርምሯል። ለጊዜው ምንም የለም ብሏል፣ ግን ይከታተሏታል። «እሺ» አልኩ። «እሺ» አለች። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። የዝናቡ ድምፅ በሷም በኩል ይሰማል።

ነሐሴ 19

ጠራ! ባለጓንቷ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ከገደቡ በታች ነው፣ በጣም በታች። ለመንኳት፣ ለልጄ አንቺ ደውለሽ ንገሪያት አልኩ። የኔ ቃል ዋጋ የለውም። ነገረቻት።

ማታ መጡ። ልጄ ጣሳ አልያዘችም። ኩባያ አውጥቼ መጀመሪያ ራሴ ጠጣሁ፣ እያየችኝ። ከዚያ ለትንሿ። አንድ ጊዜ ተጎነጨች…

ተፋችው።

«ይሸታል!»

«ምን ይሸታል የኔ እናት? የበፊቱ ነው እኮ፣ የዳለቻ ነው።»

«ላም ላም ይሸታል። እህህህ!» ምላሷን በእጅጌዋ ጠረገች።

ልጄ አቀረቀረች። «የካርቶን ወተት ለምዳ ነው አባዬ። ልጅ አይደለች? አትቀየማት።»

ማን ተቀየመ? ዝናቡ ሳይበረታ ሂዱ አልኳቸው። ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ምን ብለው ይመጣሉ?

ነሐሴ 24

ማንም የለም። ወተቱን ብቻዬን እጠጣለሁ። የቀረውን ለቀጭኑ ልጆች ሰጠሁ። «ውሃ ልጨምርበት ጋሼ?» ይለኛል አባታቸው። አሾፈብኝ። መልስ አላጣሁም፣ ግን ደክሞኛል።

ሚስቴ ከሞተች በኋላ የልጄ ባል «ከኛ ጋር ይኑሩ፣ አንድ ክፍል አለን» ብሎኝ ነበር። እኔ የማንም ቤት ጥግ አልሞላም አልኩት። ቡና ይጠጡ ቢለኝም አልሄድኩ፣ ልጅ ወለዱ ሲባልም ወደዚህ አምጧት አልኩ እንጂ አልሄድኩ። የፈለገ ይምጣ አልኩ። ይኸው፣ የፈለገ የለም።

ጣራውን ግን ሠራተኛ መጥቶ ደፈነው። ክፍሉ ኖራ ይሸታል። አሁንም ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው።

ነሐሴ 27

ሄድኩ።

ምን ይዤ? ምንም። ሽማግሌ ሰው ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም እያልኩ ሁለቴ ከመንገድ ልመለስ ነበር። ጫማዬ ጭቃ ጠጥቷል። በራቸው ቀለም ተቀብቷል፣ የት እንደማንኳኳ ጠፋኝ።

የልጄ ባል ከፈተ። ክው አለ።

«አባቴ! ምን ሆኑ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልጠይቃችሁ ነው።»

«ሊጠይቁን?» ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ፣ «ነይ፣ አባትሽ መጥተዋል! ደህና ናቸው! ሊጠይቁን ነው!»

ልጄ እጇን አረፋ እንደሸፈነው ወጣች። ቆማ አየችኝ። ዓይኗ ሞላ። ጫማዬን ራሷ አወለቀችልኝ። አልከለከልኳትም።

ትንሿ መጣች። መጀመሪያ እጆቼን ገለባበጠቻቸው። ምንም የለም። ከዚያ ሮጣ ካርቶኑን አመጣች። ላዩ ላይ ላም ተሥላለች።

«አባባዬ፣ ያንተ ላም!»

ላሟ ትስቃለች። ላም አትስቅም። ራሴን ነቀነቅኩላት።

አንድ ኩባያ ቀዳችልኝ፣ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ እያፈሰሰች። «ጠጣ!» አለችኝ። እንደ ወታደር አለቃ። አሸተትኩት። የታጠበ ጨርቅ ጭማቂ ነው። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ቀጥኗል፣ ከቀጭኑም ብሷል። የት የታለበ፣ ማን ያለበው፣ በምን እጅ? አንገሸገሸኝ። ትንሿ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።

«ድገሚኝ» አልኳት።