ስለ አቶ ሱሩር ሙሐሲን ሕልፈትና ስላዳኑት አፈር

የቂርቆስ ወንዝ ዳር አትክልት አምራቾች ማኅበር መሥራች አባልና የአፈር ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ሱሩር ሙሐሲን ሰኞ የካቲት 14 ቀን 2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸውም በዚያው ዕለት በኮልፌ ሙስሊም መካነ መቃብር ተፈጽሟል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል። በዚህ ዓመት የቀበርናቸው ሦስተኛው አባል ናቸው፤ ሐዘናችንን የምንገልጽበት አዲስ ቃል አጥተናል።

አቶ ሱሩር በቄራ በቆዳና በቀንድ ንግድ ይተዳደሩ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከላንቻ በታች ያለው የወንዝ ዳር ቦታ ለማኅበሩ ሲሰጥ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆኑ።

በ1996 ዓ.ም. መሬታችን ዩሪያ ካልተጨመረበት ቆስጣ እንኳ የማያበቅል፣ በበጋ እንደ ጡብ የሚደርቅ ሆኖ ነበር። እርሳቸው ከቄራ የሚጣለውን ፈርስ በጋሪ እያስመጡ ከገለባና ከቅጠል ጋር ከምረው ኮምፖስት ማዘጋጀት ጀመሩ። ስለ ሽታው ጎረቤት ከሰሰ፤ አባላትም አጉረመረሙ። አላቆሙም።

በ1999 ዓ.ም. ደምበል አካባቢ በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተካፍለው፣ የላም ቀንድ በእበት ሞልቶ ለወራት መቅበርን፣ ከዚያም እበቱን አውጥቶ በውኃ በጥብጦ ማሳ ላይ መርጨትን ተምረው መጡ። በዓመቱ አንድ ጎረቤት ቀንዶቹን ቆፍሮ አገኘና የተቀበረ መተት ነው ብሎ ለቀበሌ አመለከተ። አቶ ሱሩር ተጠርተው ሲጠየቁ፣ «ቀንዱ ለጎመን ነው፤ ለሰው የምቀብረው ነገር የለኝም» የሚል ቃል ሰጥተዋል። ቀንዶቹ ተመለሱላቸው፤ በማግስቱ መልሰው ቀበሯቸው። ይህ ኮሚቴ በቀንዱ አምኖ አያውቅም፤ ሰውየው ስለሞቱ ዛሬ አመነ ተብሎ አይጻፍም። አፈሩን ግን በእጃችን ይዘን አይተነዋል። ጥቁር ነው፤ ይፈረፈራል፤ ትል አለው።

በ2001 ዓ.ም. ማኅበሩ በእርሳቸው ግፊት ዩሪያና ዳፕ መጠቀም አቆመ። ምርት ቀነሰ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባላት ጥለውን ሄዱ። የቀረነው አርጅተናል፤ ክምር መገልበጥ ወገብ ይፈጃል። ዘንድሮ ጎመኑ ማገገሙን ሳያዩ ባለመሞታቸው ደስ ይለናል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፋኢዛ፣ ለልጃቸው ለሰብሪናና ለቄራ የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። አላህ በምሕረቱ ይቀበላቸው።

ወደ ዩሪያ እንመለስ የሚል ጥያቄ ከአባላት ዳግም ቀርቧል። ከዚህ በፊት የወደቀው አቶ ሱሩር ቆመው ስለተከራከሩ ነበር። ጥያቄው ሕጋዊ ስለሆነ መጋቢት 11 ቀን በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል። እስከዚያ ድረስ አንድ ኪሎ ዩሪያ ወደ ግቢው አይገባም።

ሟቹ የከመሩት የመጨረሻው ክምር ግሏል። ቅዳሜ ጠዋት ካልተገለበጠ ይበላሻል። ጥያቄውን ያቀረባችሁም ጭምር መንሽ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ካዛንቺስ፣ የካቲት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.