የሱ ረድፍ፣ የኔ ረድፍ

መጋቢት 9 ቀን 2011

የቡና ችግኞቹ አራት አራት ቅጠል አወጡ። አሥር የሱ፣ አሥር የኔ። ባለቤቴ ፈይሳ ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓሮው ቢሮው ሆኗል። ለሱ ረድፍ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። እኔ ፍጉን እጥፍ አደረግኩት።

«ችግኙ ይለሰልስብሻል፤ አይጠነክርም» አለኝ።

ይለስልስ! እናያለን።

መጋቢት 24

የኔዎቹ በአንድ ጣት በለጡ። ስቄበታለሁ።

ፀሐይ ቢያገኙ ደግሞ... ብዬ ከላያቸው ያለውን የሣር ዳስ ልገፍፍላቸው ስል እጄን ያዘኝ። «ሱታ፣ ብርቄ! ቀስ በይ። ዛሬ ትንሽ፣ በሳምንቱ ትንሽ። ጥላ በአንድ ቀን አይነሳም፤ ይቃጠላሉ።»

ሱታ፣ ሱታ... ምሳ እንኳ ሲበላ ሱታ ነው።

ሚያዝያ 6

ፈይሳን ከቀበርነው ሦስት ቀን ሆነ። ጫማውን ሲያስር ወደቀ። አንዱን አስሮ፣ አንዱን ሳያስር።

ድንኳኑ ዛሬ ተነሳ። መጻፍ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 7

ጓሮ ወጣሁ። ችግኞቹ አጥሩ ሥር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ... ሃያውም። ቅጠሉ ስነካው ይፈረፈራል። ማን አወጣቸው?

ትዝ አለኝ። የለቅሶው ዕለት የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ሙለታ ድንኳን ሲያስተክሉ ዳሱ መፍረስ ነበረበት። «እትዬ ብርቅነሽ፣ ይሄን ችግኝ የት እናድርገው?» አሉኝ።

«ወዲያ አድርጉት።» ዞር ብዬም አላየሁ።

በገዛ አፌ። ስንት ጊዜ ነግሮኝ! ሐዘንተኛ ምን ያውቃል ይሉኝ ይሆናል... እኔ ግን አውቅ ነበር።

የኔንስ ጥላ በአንድ ቀን ማን አነሳው?

ግንቦት 11

አርባው ወጣ። ልጃችን ሮዛ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ዳሱን መልሼ ሠርቼ ጠዋት ጠዋት ውሃ ሳጠጣ አየችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ጭራሮ ነው። ልጣለው?»

ጮህኩባት። ኋላ ተቃቅፈን አለቀስን።

ሐምሌ 4

የኔዎቹ አሥሩም ሞቱ። ሰፊ ቅጠላቸው ምንም አልፈየደም። ከሱ ረድፍ ሁለቱ ግን ከግንዳቸው ሥር አቆጠቆጡ! የምስማር ራስ የምታህል አረንጓዴ። ሦስቴ ሄጄ አየሁ።

ኦቦ ሙለታ ሊጠይቁኝ መጡ። «ክረምት ገባ እኮ፤ መሬት ይግቡ እንጂ» አሉ።

«ገና ናቸው» አልኳቸው።

ሲሄዱ ከዳሱ ላይ አንድ እፍኝ ሣር አነሳሁ። አንድ እፍኝ ብቻ። ሌላውን በሳምንቱ።

«አሸነፍከኝ፣ ፈይሳ» አልኩ ጮክ ብዬ። እስኪስቅብኝ ትንሽ ጠበቅኩ።